ዚፕ የሌለው አውሬ

ጋሽ ሣህሌ ጃኬቱን አይቆልፍም። ቦንጋ በዝናብ የማትታማ ከተማ ናት፤ ጠዋት ፀሐይ ታሳይና ቀትር ላይ ታወርደዋለች። ሰው ሁሉ አንገቱን በፎጣ ጠምጥሞ፣ ዚፑን እስከ አገጩ ስቦ ሲሄድ፣ እሱ ደረቱን ለነፋስ ሰጥቶ ከቡና መጋዘኑ ወደ ቤቱ ይመጣል። የሸሚዙም ቁልፍ እንደዚያው ነው። አዲስ የተመደቡ ሠራተኞች ሲያዩት «ጠጥቶ ነው እንዴ?» ይላሉ። አልጠጣም። ልጆች ደግሞ ከኋላው «አውሬው! አውሬው!» እያሉ ይከተሉት ነበር፤ አሁን ትተውታል። አንዱን በጥፊ ስላልኩት ይሆናል። መምህር ነኝ፤ በጥፊ መማታት እንደማይፈቀድ አውቃለሁ።

ስሜ ሙሉብርሃን ነው። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ መጥቼ እዚህ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ የተከራየሁትም በጋሽ ሣህሌ ግቢ ከዋናው ቤት ጎን ያለችውን ክፍል ነው። በዕድሜው አባቴ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው፤ አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር፤ «አንተ በለኝ ቲቸር፣ አንቱ ስትለኝ ፖሊስ የጠራኝ ይመስለኛል» ብሎ ገላግሎኛል። ጫኝና አውራጅ ነው። ቁመቱ ለጉድ ነው፤ በየበሩ ጎንበስ ይላል፤ ከፍ ባለ በርም ቢሆን ከልማድ ጎንበስ ይላል። ሚስቱ እትዬ ተሾመች እዚያው መጋዘን ቡና የተሞላ ጆንያ አፍ ትሰፋለች። ስፌቷ ስም ያለው ነው። ጆንያው ከአይሱዙ ላይ ቢወድቅ ሆዱ ይቀደዳል እንጂ የእሷ ሲባጎ አይላላም ይባላል። ይህ ሲነገር ደስ ይላት ነበር። ነበር ማለቴን ልብ በሉልኝ።

እሑድ ከሰዓት፣ መብራት ካለ፣ በእኔ ላፕቶፕ ፊልም እናያለን። ፊልሞቹን ከሞባይል ቤት በፍላሽ አስጭኜ የማመጣው እኔ ስለሆንኩ ምርጫውም የእኔ ነው፤ ምርጫዬ ደግሞ መጥፎ ነው። የምወደው ርካሽ የረግረግ አውሬ ፊልም ነው። እንዲህ ያለውን ፊልም የሚንቁ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ፤ ይናቁ። እኔ እወደዋለሁ። ሁሉም ያው ነው፤ ጭቃ ውስጥ የሚኖር፣ ሣርና አረንቋ የለበሰ አንድ ፍጡር አለ። ሴትዮዋ እየሮጠች ትወድቃለች፣ እሱ እየተራመደ ይደርስባታል። ጥልቅ ነው የተባለው ውሃ አውሬው ሲገባበት ጉልበቱ ላይ ያበቃል። ሌሊት ነው ይሉናል፤ ፀሐይ ግን የሰዎቹን ጥላ መሬት ላይ ዘርግታ ታጋልጣቸዋለች። ያ የወደቀ ግንድ ደግሞ አለ፤ ከዚህ ጫካ ወደዚያ ጫካ ተሰደዱ በተባለ ቁጥር እሱ ቀድሟቸው ደርሶ ይጠብቃቸዋል። ከሁሉም የምወደው ግን አውሬው ጀርባውን ሲሰጥ ከማጅራቱ እስከ ወገቡ የሚታየው ዚፕ ነው። ባየሁት ቁጥር ሳቄ ያመልጠኛል። ያን ያህል አስፈራርቶ፣ መጨረሻው ጃኬት!

ጋሽ ሣህሌ ግን አይስቅም። ጉንጩን በመዳፉ ይዞ ዝም ብሎ ያይና ይጠይቀኛል።

«ቲቸር፣ ሰውዬው ምሳ በልቶ ይሆን?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ውስጥ ያለው።»

ሌላ ጊዜ ደግሞ «ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገብቷል፣ አየህ አረማመዱን?» ይላል። «አሁን እዚያ ውስጥ ሆኖ ቢያስነጥሰው ምን ይሆናል?» ይላል። ዕድሜውን ሙሉ በጫንቃው ጆንያ የተሸከመ ሰው ነው፤ ሸክም ሥር ያለ ሰው ትንፋሽ እንዴት እንደሚያጥረው ያውቃል። ስለዚህ እኔ አውሬውን ሳይ እሱ የሚያየው ተሸካሚውን ነበር።

አሁን እስክንድርን ላስተዋውቃችሁ። እስክንድር ከመናኸሪያው በላይ ፎቶ ቤት አለው፤ በካፋ ዞን ሠርግ ካለ ካሜራው አለ። ክፉ ልጅ አይደለም። ሠርግ መቅረጽ ሰልችቶት ፊልም ልሥራ አለ፤ ፊልም ልሥራ ካለ በኋላ ደግሞ ምን ዓይነት ፊልም በቦንጋ በጀት እንደሚሠራ ሲያስብ፣ ያለን ነገር ጫካና ጨፌ ነው አለ። ካፋ ውስጥ ሣር የበቀለበት ውሃማ ሜዳ ጨፌ ይባላል፤ ከላይ ሲያዩት መስክ ይመስላል፣ ሲረግጡት ግን ይንቀጠቀጣል። የፊልሙም ስም «የጨፌው አውሬ» ሆነ። ታሪኩ ጨፌውን አድርቆ ሊሸጥ የተነሣ ባለሥልጣን ላይ አውሬው ሲነሣበት ነው። ባለሥልጣኑን የሚጫወት ሰው በብዛት ተገኘ፤ አውሬውን የሚጫወት ግን ጠፋ። አንድ ቀን እስክንድር ጋሽ ሣህሌን ከመጋዘኑ በር ጎንበስ ብሎ ሲወጣ አየውና ሥራውን እዚያው ትቶ ተከተለው።

ልብሱን የሠሩት በግቢያችን ውስጥ ነው። የአውሬው ራስ የግንበኛ ቆብ ላይ በተለጠፈ ስፖንጅ ተሠራ፤ ጥርሱ ከቢጫ ጀሪካን ተቆረጠ። ገላው ድርብ ጆንያ ሆኖ በላዩ የእንሰት ቃጫ ተጎዝጉዞበታል፤ በቃጫው ላይ ደግሞ ከጫካው ዛፎች ላይ የሚንጠለጠለው አረንጓዴ ሽበት ተለጠፈበት። ጓንቶቹ ከእጅጌው ጋር የተያያዙ ነበሩ፤ በየጣቱ ጫፍ የቀንድ ጥፍር ተተክሎባቸዋል። ልብሱ ሲርስ ቆጮ ቆጮ ይሸት ነበር። ጋሽ ሣህሌ ለብሶት ከቤት ሲወጣ የጎረቤት በግ ገመዷን በጥሳ ሄደች፤ እኛም በሳቅ ፈረስን።

መጀመሪያ ዚፕ ነበረው፤ ይህ ይመዝገብልኝ። እስክንድር ከጅማ ያስመጣው ረጅም የድንኳን ዚፕ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ቀረጻ ጭቃ ጥርሱ ውስጥ ገብቶ ነከሰና መሄጃው ተነቀለ። ደግሞም በካሜራ ሲታይ ያብረቀርቅ ነበር። «ፈረንጆቹን መሳቂያ ያደረጋቸው ይሄ ነው» አለ እስክንድር፤ ዚፑንም አስወጣው። ከዚያ በኋላ እትዬ ተሾመች በየማለዳው ባሏን ልብሱ ውስጥ አስገብታ፣ ከማጅራቱ እስከ ወገቡ በጆንያ መርፌና በሲባጎ ድርብ አድርጋ ትሰፋው ጀመር። ቃጫው ሲተኛበት ስፌቱ አይታይም። ማታ ደግሞ ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ምላጭ አውጥታ ትተረትረዋለች። «ሰው ባሏን ቁርስ አብልታ ሥራ ትሸኛለች፤ እኔ ሰፍቼ እልካለሁ» እያለች ትቀልድ ነበር።

የቀረጻው ቦታ በሺሺንዳ መንገድ ወረድ ብሎ ያለው ጨፌ ነበር። የአገሩ ሽማግሌዎች ጨፌ ባለቤት አለው ይላሉ። ባለቤቱን ያየው የለም፤ ግን ሣር ለማጨድ የሚገባ ሰው ከዳር ቆሞ አንድ እፍኝ እህል ይበትናል፣ ፈቃድ መጠየቂያ ነው። ካህናቱ ይቆጣሉ፤ ሰዉም በቁጣው ተስማምቶ መበተኑን ይቀጥላል። ጋሽ ሣህሌም በመጀመሪያው ቀን ከእስክንድር ተደብቆ ከእጅጌው በተያያዘ ጓንቱ አንድ እፍኝ ጤፍ በትኖ እንደነበር ነግሮኛል። ጤፉ ጓንቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ እንጂ ብዙም አልወረደም።

ደስ ብሎት ነበር። ይህን የምለው በኋላ የመጣው ነገር ሁሉንም ስላጠቆረው ነው፤ እንጂ በእነዚያ ሳምንታት ጋሽ ሣህሌ ደስ ያለው ሰው ነበር። ማታ ማታ ከልብሱ ሲወጣ ገላው ከውሃ የወጣ ያህል ርሶ «ቲቸር፣ ውስጥ ያለው ሰውዬ ምሳ ይበላል፤ በመቅጃ ሾርባ ያፈሱለታል» ይለኝ ነበር።

ከዚያ ሰሞነ ሕማማት ገባ። እትዬ ተሾመች በሕማማት ሳምንት ቀረጻ የሚባል ነገር አትሂድ አለችው። እስክንድር ፕሮቴስታንት ስለሆነ ስግደቱ አይመለከተውም፤ እሱን የሚመለከተው ሰማዩ ነበር፤ ዝናቡ ጠንክሮ ሊገባ ነው፣ ጨፌው ከሞላ ዓመት መጠበቅ ሊኖርብን ነው አለ። ጋሽ ሣህሌም «ቃል ሰጥቻለሁ» አለ። ረቡዕ ማለዳ ሰፋችውና ለስግደት ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ሌላ ቀን ቢሆን ምላጯን ይዛ ከጨፌው ዳር ትቀመጥ ነበር። የዚያን ቀን ግን ማታ እስክንድር በቢላ ሊቀደው ተስማሙ።

እኔ አልነበርኩም፤ ክፍል ገብቼ እያስተማርኩ ነበር። የምነግራችሁን የሰማሁት ከጋሽ ሣህሌ አፍ ነው፤ የነገረኝም አንዴ ብቻ ነው።

ካሜራው ከውሃው ማዶ ነበር። ጋሽ ሣህሌ ወዲህ፣ ረጃጅሙ ደንገል መሐል አንዲት ጉብታ ላይ ተቀምጦ፣ ቀይ ጨርቅ እስኪያውለበልቡለት ይጠብቃል። በዚያው ሰዓት ከሺሺንዳ በኩል አንዲት ሴት ቄጠማ ልታጭድ ወደ ጨፌው ገባች። ዘርትሁን ትባላለች፤ ከሺሺንዳ ወዲያ ካለ መንደር ናት፤ ለቅዳሜ ሹር የሚሆነውን ቄጠማ በየዓመቱ ከዚሁ ቦታ እያጨደች ለገበያ ታወጣ ነበር። ስለ ፊልሙ ቦንጋ ሁሉ ያወራ እንጂ በእሷ መንደር የሰማ አልነበረም። ጨፌውን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ግን ሰሞኑን የጣለው ዝናብ መርገጫውን ለውጦት ኖሯል። ሣሩ ከሥሯ ከዳትና እስከ ወገቧ ገባች።

አልደነገጠችም፤ የለመደች ናት። ጥቅጥቅ ያለ የቄጠማ ሥር በሁለት እጇ ጨብጣ ሰው ጠራች። ያንን ይዛ ብትቆይ ኖሮ ምንም አትሆንም ነበር፤ ይህን በኋላ የመጡት ሁሉ መስክረዋል። ጋሽ ሣህሌ ድምፅዋን ሰማና ከደንገሉ ውስጥ ብድግ አለ።

አየችው።

«አይዞሽ እናቴ፣ ሰው ነኝ!» አላት በካፊኖኖ፣ በራሷ ቋንቋ። በዚያ ሁሉ ስፖንጅ ውስጥ ግን ቃሉ ቃል ሆኖ አይወጣም፤ ማጉረምረም ነው። የአውሬውን ራስ ሊያወልቅ ታገለ፤ ከአንገቱ ጋር ተሰፍቷል። በጓንቱ የሆዱን ጆንያ ሊቀድ ቧጠጠ፤ ቀንዱ እየተንሸራተተ ቃጫውን ብቻ ነጨ። እሷ የምታየው በቁመቱ ዛፍ የሚያህል ነገር የገዛ ገላውን እየቧጠጠ ሲጮህባት ነው። ቄጠማውን ለቀቀችው። ለቀቀችውና ወደ ኋላ፣ ወደ ውሃው፣ በእጇ እየቀዘፈች ሸሸች።

ያን ጊዜ ጋሽ ሣህሌ ያደረገውን ብዙ ሰው አያውቅም። ወደ እሷ መሄዱን አቆመ። ብሸሽላት ተመልሳ ትይዘዋለች ብሎ ጀርባውን ሰጣትና ወደ ማዶው እየሮጠ እጁን እያወናጨፈ ሰዎቹን ጠራ። ማዶ ያሉት ግን ቀይ ጨርቁ ሳይውለበለብ የሚለማመድ መስሏቸው አጨበጨቡለት። «ጋሽ ሣህሌ አንደኛ!» ብሎ የጮኸም ነበር። አንዱ በሞባይሉ እየቀረጸ ነበር። ነገሩ ገብቷቸው እንጨት ይዘው ሲመጡ ውሃው ላይ የቀረው አንድ እስር ቄጠማ ነበር፤ ማጭዷም ከዳር ሣሩ ላይ ተሰክቶ ተገኘ።

በማግስቱ ተቀበረች። በሕማማት የሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግለትም፤ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱት ሁሉ በሆሳዕና እሑድ አስቀድሞ ይደረጋል። ዘርትሁን በሆሳዕና ዕለት ዘንባባዋን ራሷ ላይ አስራ ቆማ የራሷን ፍትሐት ሰምታ ሄዳለች ማለት ነው። ይህ ከሰማሁት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ያለ ደወል፣ ያለ ዜማ፣ ዝም ብላ ገባች።

ፖሊስ ጋሽ ሣህሌንና እስክንድርን ጠይቆ አደጋ ነው ብሎ ለቀቃቸው። ሕግ ለቀቀው ማለት ሰው ለቀቀው ማለት አይደለም። ያ በሞባይል የተቀረጸው ነገር በቴሌግራም ወጣ። ከሩቅ ነው የተቀረጸው፤ ሴትዮዋ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ሆና ትታያለች፤ አውሬው በላይዋ ቆሞ ክንዱን ያወናጭፋል፤ ከቀራጩ አጠገብ የሰው ሳቅ ይሰማል። ጥቂት ቆይቶ አውሬው ጀርባውን ሰጥቷት ይሄዳል። ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ ለምን አላወለቀውም? ቦንጋም፣ ሺሺንዳም፣ እስከ ዋጫ ድረስ ይሄው ጥያቄ ሄደ። ጭንብሉን አውልቆ ፊቱን ቢያሳያት ምን ነበረበት? ሲጫወት ነው የገደላት ተባለ። እስክንድር ካሜራውን ሸጦ ወደ ጅማ ሄደ። ጋሽ ሣህሌ ግን የት ይሄዳል? መጋዘን ሲገባ ወሬ ይቆማል፤ ሲወጣ ይቀጥላል። እትዬ ተሾመች መርፌ መያዝ አቃታት፤ ጆንያ ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች።

ጋሽ ሣህሌ ሌሊቱን አይተኛም ነበር፤ ግድግዳችን ቀጭን ስለሆነ እሰማዋለሁ። አንድ ቀን «ቲቸር፣ ዓለም ሁሉ ገዳይ ቢለኝ እችለዋለሁ» አለኝ። «የሟቿ ልጅ ግን እንዲያ አስባ እንድትኖር አልፈልግም። እናቷ በሰው ጨዋታ እንደሞተች አስባ ከኖረች፣ እሷም ሞተች ማለት ነው።»

ከፋሲካ በኋላ፣ ዳግማይ ትንሣኤ ሲያልፍ፣ ሽማግሌ ላከ። በደንቡ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይሄዳል፣ ደጅ ላይ ይወድቃል፣ ሽማግሌዎች ይለምናሉ። የሟች ወንድም ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ፣ የመንደሩ ትልቅ ሰው፣ ሽማግሌዎቹን በወግ ተቀበሉ። የሟች ልጅ ግን አልተቀበለችም። ፀደንያ ትባላለች፤ ቦንጋ ኮሌጅ የተማረች፣ ሺሺንዳ ላይ የምታስተምር ልጅ ናት። ሽማግሌዎቹ ይዘውት የመጡት መልስ ይህ ነበር፦

«ድንጋይ አልፈልግም። እናቴ ያየችውን ማየት እፈልጋለሁ። ልብሱን ለብሶ ይምጣ፤ እንደዚያን ቀን ተሰፍቶ ይምጣ። ከዚያ ደጄ ላይ ያውልቀው።»

ሽማግሌዎቹ ይህ ወግ አይደለም አሉ። እኔም ጭካኔ ነው አልኩ፤ ብዙ ተናገርኩ። ጋሽ ሣህሌ አዳምጦኝ ሲጨርስ «እሄዳለሁ» አለ፤ ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ራት ጠየቀ።

የከበደው ለእትዬ ተሾመች ነበር። ከጎረቤት አንዷ መጥታ፣ ላላ አድርገሽ ስፊለትና እዚያው ቶሎ ተርትሮ ይገላገል አለቻት፤ ለደግ አስባ ነው። እትዬ ተሾመች ዞር ብላ እንኳ አላየቻትም። በኋላ ለእኔ እንዲህ አለችኝ፦ «ስፌቷ ከላላች አልቋል። በእጁ ከወለቀለት ያን ቀንም ያወልቀው ነበር ማለት ነው። ባሌን የሚያድነው ያው የገደላት ስፌት ነው፣ ሙሉዬ። በዚህ እጄ እንዴት ብዬ ነው የምሰፋው?»

ከሽማግሌዎቹ ጋር በሚኒባስ እስከ ሺሺንዳ ሄድን፤ ከዚያ ወዲያ በእግር። ልብሱን በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሜ የሄድኩት እኔ ነኝ። ከመንደሩ በታች እንሰት መሐል ቆምን፤ ጋሽ ሣህሌ ልብሱ ውስጥ ገብቶ ጀርባውን ሰጠ። እትዬ ተሾመች ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ማስገባት አቃታት፤ እኔ አስገባሁላት። ከዚያ በኋላ ግን እጇ አልሳተም። እንባዋ እየወረደ ከማጅራቱ ጀምራ ድርብ አድርጋ ሰፋችው። እያንዳንዱን ስፌት ስትጨርስ ሁለት እጇን አቅንታ ትጎትተዋለች። ስትጨርስ ግንባሯን ጀርባው ላይ አስደግፋ ጥቂት ቆየች።

ወደ ግቢው ስንገባ ውሾች አበዱ። ሴቶች ጮኹ፤ ሁለት ሦስቱ ወደ እንሰቱ ሸሹ፤ እንደሚመጣ የሰሙትም ያልሰሙትም እኩል ነው የሸሹት። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ በዱላቸው ተደግፈው ቆሙ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፣ የሚጸልዩ መሰለኝ። እኔ ይህን ልብስ ከስፖንጁ እስከ ጀሪካኑ ሲሠራ ያየሁ ሰው ነኝ። ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ። በዚያ ግቢ ውስጥ ግን አስፈራኝ።

ፀደንያ ጥቁር ለብሳ ከቤት ወጣች። ቀጭን ናት። ፊቱ መጥታ ቆመችና አንጋጣ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አውልቀው» አለች በአማርኛ።

ጋሽ ሣህሌ ሞከረ። የራሱን ግራና ቀኝ በቀንድ ጥፍሩ ያዘና ወደ ላይ ገፋ፤ አንገቱ አብሮ ተሳበ እንጂ ራሱ አልተነቃነቀም። ሆዱን ቧጠጠ፤ ቃጫ ረገፈ። እጁን ወደ ጀርባው ሰደደ፤ አይደርስም። ከውስጥ የሆነ ነገር አጉረመረመ። የቀሩት ሴቶችም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ያላግጣል» አለ ከኋላ አንድ ጎረምሳ።

ፀደንያ ዞረችና ከጀርባው ሄደች፤ ቃጫውን ገለል አድርጋ ስፌቱን አገኘችው። በሁለት እጇ ይዛ ጎተተች። እግሯን ጀርባው ላይ አድርጋ ጎተተች። ጋሽ ሣህሌ እየተንገዳገደ ቆመላት። በጥርሷ ሞከረች፤ ከዚያ በጥፍሯ፤ ጥፍሯ ተነቅሎ ሲባጎው ላይ ደም ነካ። ትንፋሿ እኛ ድረስ ይሰማል።

«ማነው የሰፋው?» አለች በመጨረሻ።

«እኔ ነኝ ልጄ» አለች እትዬ ተሾመች። «ያን ቀንም እኔ ነኝ።»

ፀደንያ አየቻት። ቤት ገብታ ማጭድ ይዛ ወጣች። ሁላችንም የማን ማጭድ እንደሆነ ገባን። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ «ልጄ!» ብለው አንድ እርምጃ ተራመዱ፤ እኔም ልዘልል ተነሣሁ፤ ጋሽ ሣህሌ ግን ጎንበስ አለ። በበር ሥር እንደሚያልፍ ሰው ጎንበስ ብሎ ማጅራቱን ሰጣት።

የማጭዱን ጫፍ ስፌቱ ውስጥ አስገብታ ወደ ታች ሳበችው። ሲባጎው አንድ በአንድ እየተበጠሰ እስከ ወገቡ ተከፈተ። የአውሬውን ራስ እሷው አወለቀችለት። ውስጥ ያለው ሰውዬ ወጣ፤ ጸጉሩ በላብ ተጣብቆ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ አፉን ከፍቶ አየር ይስባል።

«ምን አልካት?» አለችው። «ያን ቀን እየጮህክ ነበር። ምን ነበር የምትላት?»

በካፊኖኖ ነገራት። አጭር ነው፤ እኔም በዚያን ጊዜ ቃሉን ለይቼዋለሁ። አይዞሽ እናቴ፣ ሰው ነኝ።

ፀደንያ ራሷን ነቀነቀች። «ይሰማል» አለች። «አሁን በደንብ ይሰማል። እንዲህ ብትሰማው ቄጠማውን አትለቀውም ነበር።»

ሽማግሌዎቹ ጊዜው ደርሷል ብለው የይቅርታውን ቃል ጀመሩ። እሷ ግን አልጨረሰችም። ማጭዱን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷን ያዞረችውም ወደ ሽማግሌዎቹ ሳይሆን ወደ ጋሽ ሣህሌ ነበር።

«በየዓመቱ ለጨፌው ባለቤት እህል በትና ነበር የምትገባው» አለችው። «ዘንድሮ ሕማማት ነው፣ ኃጢአት ነው፣ ተይ ብዬ እህሉን ከእጇ የቀማኋት እኔ ነኝ። አንተን ስታይ ማን መጣብኝ እንዳለች እኔ አውቃለሁ።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ጋሽ ሣህሌም ቃጫው ከወገቡ በታች እንደተንጠለጠለ፣ ጓንቱም ከእጁ ሳይወጣ፣ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ።